ክፍል ሁለት ከክፍል አንድ ይከብዳል? በራሳችሁ እጅ ለኩት

ታናሽ ወንድሜ ክረምት ላይ ጋድ ኦፍ ዋር የሚባለውን ጌም ጨረሰ። የ2018ቱን ማለቴ ነው፤ ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው። የጨረሰ ቀን ደስታው ሌላ ነበር። እናታችንን ሳይቀር ከማዕድ ቤት ጠርቶ መጨረሻውን አሳያት። ከዚያ እዚህ ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ የሚማር ጓደኛው ተከታዩን፣ ራግናሮክን፣ አዋሰው። በሦስተኛው ቀን ጆይስቲኩን አስቀመጠና «እታለም፣ ይሄኛው ከፊተኛው በጣም ይከብዳል፣ አልቻልኩትም» አለኝ። ዲስኩን ሊመልስ ቦርሳው ውስጥ ከቶታል።

«ቆይ እስቲ» አልኩት። ዲስኩን መልሰን አወጣነው። ያን ቅዳሜና እሁድ ጌሙ በእውነት ይከብድ እንደሆነ ስንለካ ዋልን። እዚህ የምጽፈው እንዴት እንደለካነው ነው። ለየትኛውም ጌም ይሠራል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ዓባይ ማዶ ጌም ቤት ገብቶ በሰዓት የሚከፍል ልጅ አንድ ቦስ (መንገድ የሚዘጋ ትልቅ ጠላት) ላይ ሰዓቱን ሲጨርስ ገንዘቡም አብሮ ያልቃል። ቤቱ የሚያወርድ ሰው ደግሞ ብዙዎቹ አዳዲስ ትልልቅ ጌሞች ከ50 ጊጋ በላይ እንደሆኑ ያውቃል፤ ያ ሁሉ ዳታ ከገባ በኋላ በሦስተኛው ቀን መተው ያሳዝናል። እኔን ከገንዘቡ በላይ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ጌሙ ሳይከብድ፣ ልጁም ሳይሰንፍ፣ ቆንጆ ታሪክ መሀል ላይ ተቋርጦ ይቀራል።

ክብደቱ የቱ ጋ ነው?

መጀመሪያ ይሄን መለየት አለባችሁ። «ይከብዳል» የምትለው ቃል ብዙ ነገር ትሸፍናለች። ጣት የሚፈትን ጌም አለ፤ ለቅጽበት ከዘገያችሁ አለቀ። ጭንቅላት የሚፈትን አለ፤ መንገዱ ይጠፋባችኋል፣ እንቆቅልሹ አይፈታም። ስንቅ የሚፈትን አለ፤ ጥይቱ ያልቃል፣ ደም (እስክትሞቱ የቀራችሁ አቅም) መሙያው ያልቃል። ትዕግሥት የሚፈትንም አለ፤ ቦሱ ያን ያህል አይደለም፣ ግን በሞታችሁ ቁጥር ረጅም መንገድ ሮጣችሁ ነው እንደገና የምትደርሱበት።

ክፍል ሁለት ብዙ ጊዜ ክብደቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውረዋል። የተኩስ ጌሞቹን የ2016ቱን ዱምና የ2020ውን ዱም ኢተርናል ውሰዱ። የመጀመሪያው ላይ የወደዳችሁትን አንድ ጠመንጃ ይዛችሁ ረጅም መንገድ መሄድ ትችላላችሁ። ሁለተኛው ላይ ጥይት የምትይዙት በጣም ጥቂት ነው። ጥይት ከፈለጋችሁ ጠላት በመጋዝ መቁረጥ፣ ጋሻ ከፈለጋችሁ በእሳት ማቃጠል፣ ደም ከፈለጋችሁ ደግሞ በእጅ መጨረስ አለባችሁ። ይሄን ያልያዘ ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ባዶ እጁን ይቀራል። የያዘ ሰው ደግሞ ስንቁ አያልቅበትም፤ ከዚያ በኋላ የሚፈተነው ጣቱ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ስለዚሁ ጌም ተቃራኒ ነገር ቢነግሯችሁ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ብዙዎቻችን ያደግንባቸው የጂቲኤ ጌሞች፣ ቫይስ ሲቲና ሳን አንድሪያስም፣ እንዲሁ ናቸው። በ2002ቱ ቫይስ ሲቲ የምትጫወቱት ሰውዬ ባሕር ከገባ ይሞታል። ጣና ዳር አድጎ መዋኘት ለለመደ ልጅ ይሄ ሁሌም ይገርም ነበር። በ2004ቱ ሳን አንድሪያስ የምትጫወቱት ሰውዬ፣ ሲጄ፣ ይዋኛል፣ ይጠልቃል። ይሄ ማቅለል ነው። በሌላ በኩል ሲጄ ሲጀምር መኪና አነዳዱም ተኩሱም ደካማ ነው፤ እየተለማመደ ነው የሚሻሻለው። ከዚያ ደግሞ ሞተር ላይ ሆናችሁ ባቡር የምታሳድዱበት ሚሽን አለ፣ የአውሮፕላን ማብረሪያ ትምህርት ቤት አለ። ቫይስ ሲቲ ላይ ደግሞ በትንሿ ሄሊኮፕተር አራት ቦምብ ሕንፃ ውስጥ በሰዓት የምታስቀምጡበት ሚሽን አለ፤ በኪቦርድ ሲጫወቱት፣ በተለይ የቁጥር ቁልፎች በሌሉት ላፕቶፕ፣ ስንቱን እንዳስለቀሰ አውቃለሁ። የቱ ይከብዳል? እኔን ብትጠይቁኝ ሳን አንድሪያስ ይረዝማል እንጂ አይከብድም።

ትውስታችሁን አትመኑ

ከሁሉም የሚበልጠው ፈተና ይሄ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል። የፊተኛውን ጌም እንደገና ከዜሮ ጀምሩት። የድሮ ሴቫችሁን አትክፈቱ። አዲስ ጨዋታ ክፈቱና ሁለት ሦስት ሰዓት ተጫወቱ።

ለምን መሰላችሁ? የመጀመሪያውን ስታስታውሱ የምታስታውሱት መጨረሻውን ነው። መሣሪያው ሁሉ ተሟልቶ፣ ደሙ ረዝሞ፣ እጃችሁ ለምዶ ነበር። ሁለተኛውን ስትጀምሩ ያ ሁሉ ይወሰድባችኋል። ራግናሮክ ላይ የምትጫወቱት ሰውዬ፣ ክራቶስ፣ መጥረቢያውንም የእሳት ሰይፎቹንም ከመጀመሪያው ይዞ ነው የሚነሳው፣ የተማራቸው ስልቶች ግን ብዙዎቹ እንደገና ተቆልፈዋል። ወንድሜ ሲያወዳድር የነበረው የፊተኛውን የመጨረሻ ቀን ከኋለኛው የመጀመሪያ ቀን ጋር ነበር። ይሄ ፍርድ አይደለም። የፊተኛው መጀመሪያ ላይ ከሚመጣው እንግዳ ሰው ጋር የምታደርጉትን ድብድብ፣ ከኋለኛው መጀመሪያ ላይ ከቶር ጋር ካለው ጋር አወዳድሩ። ያኔ እኩል ለእኩል ነው።

ልማድም ሌላ ጉድ ነው። ባሕር ዳር ብስክሌት ያልነዳ ብዙም የለም። የራሳችሁን ብስክሌት ፍሬን እጃችሁ ያውቀዋል። አንድ ቀን የፊትና የኋላ ፍሬኑ የተቀያየረ የጓደኛ ብስክሌት ይዛችሁ ጊዮርጊስ አደባባይ ጋ ስትደርሱ በልማድ ትይዙታላችሁ፣ የፊቱ ጎማ ቀጥ ይላል፣ እናንተ ወደፊት ትሄዳላችሁ። ብስክሌቱ ምንም አልሆነም። በማግስቱ ደግሞ እጃችሁ ይለምደዋል። ጌምም ላይ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ክብደት አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው፣ ስለዚህ የክፍል ሁለትን የመጀመሪያ ቀን ሞት ብቻ ይዛችሁ አትፍረዱ።

ሚዛኑን አስተካክሉ

ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ሁኔታ ካልተጫወታችሁ ልኬቱ ዋጋ የለውም። በመጀመሪያ የክብደት ደረጃውን ተመልከቱ። የደረጃ ስም ያታልላል። የ2018ቱ ጋድ ኦፍ ዋር አራት ደረጃ ነበረው፣ ራግናሮክ አምስት አለው። ስለዚህ አንዱ ላይ ከታች ሁለተኛ የሆነው ሌላው ላይ ከታች ሦስተኛ ነው። በ2005 የወጣው ዴቪል ሜይ ክራይ 3 ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፦ ጃፓን ላይ «ሃርድ» የተባለው አሜሪካ ሲገባ «ኖርማል» ተብሎ ተሸጠ። ያው ጌም፣ ሌላ ስም። ብዙ አሜሪካዊ በኖርማል ሲያለቅስ የነበረው ለዚህ ነው። ስሙን ትታችሁ ከሥሩ የተጻፈውን ማብራሪያ አንብቡ።

ቀጥሎ ቴሌቪዥኑ። ብዙ ቴሌቪዥኖች ምስሉን ለማሳመር ሲሉ ያዘገዩታል። ለፊልም አይታወቅም፣ ለጌም ግን ጣታችሁ ሁሌ የዘገየ ይመስላችኋል። ሴቲንጉ ውስጥ ጌም ሞድ የሚል ካለ አብሩት። ጆይስቲኩንም ፈትሹ። ጌም ቤት ውስጥ ስንት እጅ ያለፈበት ጆይስቲክ ሳይነካ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ወይም አንዱ ቁልፍ ሁለቴ ካልተጫነ አይሰማም። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ አንድ ቦታ ላይ ሰዓት ከፍዬ ሙሉ ሰዓቱን መከላከያዋ ቁልፍ በማትሠራ ጆይስቲክ ተጫውቼ «ከባድ ጌም ነው» ብዬ ወጥቻለሁ። ከመጀመራችሁ በፊት ሁሉንም ቁልፍ ሞክሩ፤ ካልሠራ አስቀይሩ፤ የከፈላችሁበት ነው።

መብራትም አለ። ክረምት ላይ ነፋስና ዝናቡ ሲመጣ መብራት ይጠፋል፣ ሴቭ ያልተደረገውም አብሮ ይሄዳል። እንዲህ የጠፋውን በጌሙ ላይ አትቁጠሩት። ራሱ ሴቭ የማያደርግ ጌም ከሆነ በየአሥራ አምስት ደቂቃው እናንተ አድርጉ።

ደብተር ያዙ

አሁን ወደ ልኬቱ እንግባ። ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። በሞታችሁ ቁጥር አንድ ፊደል ጻፉ። «ጣ» ማለት ጣት ነው፤ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቄ ነበር፣ ግን ዘገየሁ። «አ» ማለት አላወቅኩም ነው፤ ምን እንደመታኝ ወይም እንዴት እንደሚመለስ አላወቅኩም። «ስ» ማለት ስንቅ ነው፤ ጥይቱ ወይም ደሙ አለቀ፣ ወይም ምቱ ከአቅሜ በላይ ነበር። እዛው ሞታችሁ ሳትናደዱ ጻፉት። ከአንድ ሰዓት በኋላ አስታውሳለሁ ካላችሁ ሁሉም «ስ» ይሆናል፤ የተናደደ ሰው ሁሌ ጌሙን ነው የሚከስሰው።

ከዚያ ቁጠሩ። «አ» ከበዛ ጌሙ አልከበደም፣ ገና አላወቃችሁትም፤ በቀናት ውስጥ ይቀልላል። «ጣ» ከበዛ ልምምድ ይፈልጋል፣ ምናልባትም ደረጃ መቀነስ። «ስ» ከበዛ ግን አዘጋጆቹ በእውነት ቁጥሩን ከፍ አድርገውታል ማለት ነው። ይሄኛው ነው እውነተኛው «ይከብዳል»።

«ስ»ን በደንብ ለማረጋገጥ አንድ ቀላል መንገድ አለ። ሁለቱም ጌሞች መጀመሪያ ላይ ቆማችሁ ጠላት እንዲመታችሁ ፍቀዱና ስንት ምት እንደሚገድላችሁ ቁጠሩ። ሆሎው ናይትን (2017) እና ተከታዩን ሲልክሶንግን (2025) እንዲህ ብትለኩ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሁለቱም በአምስት ጭምብል ነው የሚጀምሩት፤ ጭምብል ማለት እዚያ ደም ነው። የመጀመሪያው መነሻ ላይ ያሉ ጠላቶች አብዛኛውን ጊዜ አንድ አንድ ነው የሚወስዱት፤ አምስት ስህተት ይፈቀድላችኋል። ሲልክሶንግ ላይ ብዙ ቦሶችና ትልልቅ ጠላቶች ሁለት ሁለት ይወስዳሉ። ሁለት፣ አራት፣ በሦስተኛው አለቀ።

እዚህ ላይ ግን አትቁሙ፣ መድኃኒቱንም ቁጠሩ። ሆሎው ናይት ላይ አንድ አንድ ጭምብል ነው የምትሞሉት፣ ግን ጠላት እየመታችሁ ትንሽ ነፍስ ባገኛችሁ ቁጥር ትችላላችሁ። ሲልክሶንግ ላይ የምትጫወቷት ሆርኔት በአንድ ጊዜ ሦስት ትሞላለች፣ ለዚያ ግን ሐሯን ብዙ ማጠራቀም አለባት። ስለዚህ ፊተኛው ላይ በጥቂት በጥቂቱ መታከም የለመደ ሰው እዚህ ሲጠብቅ ይሞታል። ሌላም አለ። ፊተኛው ላይ ወደ ታች ስትመቱ ቀጥ ብሎ ነው፤ ሆርኔት መጀመሪያ ላይ ወደ ታች የምትመታው በሰያፍ ነው። በቀጥታው የሠለጠነ እጅ እሾህ ላይ ይወድቃል። ይሄ «ጣ» ይመስላል እንጂ ልማድ ነው፤ ቆይቶ አመታቷን የሚቀይር ነገር ይገኛል። ይሄን ሁሉ ደምሬ ቀንሼ ስፈርድ፣ ሲልክሶንግ በእውነት ይከብዳል፣ በተለይ የመጀመሪያው ሲሶው። አዘጋጆቹም ከወጣ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ መጀመሪያ አካባቢ ያሉ ሁለት ቦሶችን፣ ሙርዊንግንና ሲስተር ስፕሊንተርን፣ በአፕዴት አቅልለዋቸዋል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። አንዳንድ ጌም ስትሞቱ አይቶ በድብቅ ራሱን ያቀልላል። የ2005ቱ ሬዚደንት ኢቭል 4 እንዲህ ያደርጋል። እንዲህ ያለ ጌም ላይ የመጀመሪያዎቹን ሞቶች ብቻ እመኑ። ዳርክ ሶልስ 2 ደግሞ በሁለት በኩል ይስባል፦ በሞታችሁ ቁጥር የደማችሁ ጣሪያ እስከ ግማሽ ይቀንሳል፣ በሌላ በኩል ደጋግማችሁ የገደላችሁት ጠላት በመጨረሻ መምጣቱን ያቆማል። ሞት ብቻ ቁጠሩ ብል እዚህ ላይ አይሠራም፤ ምን ያህል ወደፊት እንደሄዳችሁም ጻፉ።

የእግር ኳስ ጌሞች ላይ ይሄን ሁሉ አትድከሙ። ጌም ቤት የምትጫወቱት ከሰው ጋር ነው፣ ክብደቱም ያ ሰው ነው።

ሰው ስትጠይቁ

«ይከብዳል?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ምንም አይነግራችሁም። «የት ላይ ቆምክ? ስንት ቀን? በየትኛው ደረጃ?» በሉ። የቆመበት ቦታ የግድ የሚታለፍ ነው ወይስ በፈቃድ የሚሠራ? ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው። የ2018ቱ ጋድ ኦፍ ዋር ላይ «የፊተኛው ይብሳል» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ሲግሩን የምትባለውን የቫልኪሪዎች ንግሥት እያሰበ ነው። እሷን ሳትነኳት ታሪኩን መጨረስ ትችላላችሁ። ራግናሮክ ላይ ያለችው ግናም እንዲሁ ናት። ዋናውን መንገድ ከዋናው ጋር፣ የፈቃዱን ከፈቃዱ ጋር አወዳድሩ።

የሚመልስላችሁ ሰው የትኛውን ቅጂ እንደተጫወተም ጠይቁ። ኢንተርኔት በሌለው ማሽን ላይ ከዲስክ ብቻ የተጫነ ጌም አፕዴት አላገኘም። ስለዚህ አንዱ «አቅልለውታል» ሌላው «ኧረ ያው ነው» ቢሉ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ።

ክፍል ሁለት ሁሌ ይከብዳል የሚሉም አሉ። መነሻ አላቸው። በ1985 ሱፐር ማሪዮ ከወጣ በኋላ በማግስቱ ዓመት ጃፓን የወጣው ሁለተኛው የመጀመሪያውን ለጨረሱ ሰዎች የተሠራ ነበር። የሚገድል እንጉዳይ አለበት፤ ወደኋላ የሚመልስ መተላለፊያ አለበት። ለአሜሪካ ገበያ በጣም ይከብዳል ተብሎ ቀረና በ1988 በዚያው ስም ሌላ ጌም ተላከላቸው፤ የጃፓኑን ያገኙት በ1993 ነው። ግን በዚህ ብቻ ሕግ አይወጣም። በ2020 የወጣው ዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል ሁለት የእናንተን፣ የጠላትን፣ የጓዶቻችሁን፣ የመደበቁንና የስንቁን ክብደት ለየብቻ ማስተካከል ይፈቅዳል። እኔ ይሄን አሠራር እጅግ እወደዋለሁ፤ ሁሉም ጌም እንዲህ ቢሆን ምኞቴ ነው። ደብተራችሁ ላይ «ስ» ከበዛ ስንቁን ብቻ ታቀልላላችሁ፣ ሌላው እንዳለ ይቀራል።

በእውነት ከብዶ ከተገኘ

ደረጃውን ቀንሱ። ይሄን ለወንድሜ ለማሳመን ብዙ ደክሜያለሁ። ታሪኩን ለማየት ከሆነ የገዛችሁት ታሪኩን እዩ። ደረጃ መቀነስ ካልፈለጋችሁ ከቦሱ ዞር በሉ፤ ሌላ ሰፈር ሂዱ፣ መሣሪያ አጠናክሩ፣ ደም ጨምሩ፣ ከዚያ ተመለሱ። በተከታታይ አሥር ጊዜ ከሞታችሁ ማሽኑን አጥፉና ውጡ። እኛ ሰፈር ከሆናችሁ እስከ ጣና ዳር በእግር ሂዱ፣ ትንሽ ውሃውን እያያችሁ ተቀመጡ፣ ተመለሱ። ስንት ጊዜ ማታ ያልተቻለው ቦስ ጠዋት ላይ በሁለተኛው ሙከራ ወድቆልኛል፤ እጅ በእንቅልፍ ውስጥም የሚማር ይመስለኛል።

የወንድሜ ደብተር እንዲህ ወጣ። ሁለቱንም ጌሞች ከመጀመሪያው ጀምሮ ሦስት ሦስት ሰዓት ተጫወተ። ፊተኛው ላይ ስድስት ጊዜ ሞተ፣ ራግናሮክ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ «አ» ናቸው። ሰባቱን አንድ በአንድ ጠየቅኩት። አምስቱ ላይ የሰጠኝ መልስ አንድ ዓይነት ነበር፦ «ሰማያዊ ክብ ታየኝ፣ ከዚያ ተመታሁ»።

ፊተኛው ጌም ላይ ጠላት ሊመታ ሲል የሚታይ ሁለት ዓይነት ክብ ነበር። ቢጫው ሲመጣ ዝም ብላችሁ ጋሻ ካነሳችሁ መከላከያችሁ ይሰበራል፣ ቀዩን ደግሞ መሸሽ ብቻ ነው። ራግናሮክ ሰማያዊውን ጨመረ። ጠላት ትልቅ ምት ሊሰነዝር ሲዘጋጅ ይታያል፣ ኤልዋን የሚባለውን የጆይስቲክ ቁልፍ ሁለቴ ተጭናችሁ በጋሻው ስትመቱት ይቋረጣል። ጌሙ ይሄን አንድ ጊዜ በጽሑፍ ነግሮት ነበር፤ ወንድሜ ሳያነብ አልፎታል።

እሁድ ማታ ሰማያዊ ክብ ሲያይ ኤልዋንን ሁለቴ መጫን ጀመረ። ደረጃውን አልቀነሰም። ጓደኛው በሚቀጥለው ቅዳሜ ዲስኩን ሊወስድ ሲመጣ ወንድሜ ገና ቫናሃይም የምትባለው የጌሙ ዓለም ላይ ነበር፣ አንድ ሳምንት እንዲጨምርለት ለመነው። ጓደኛው ደብተሩን አንስቶ ሲያነብ ቆየና «እኔም እኮ የተውኩት እሱ ክብ ላይ ነው» አለ። አጠገቡ ተቀመጠና ጆይስቲኩን እየተቀባበሉ እስኪመሽ ተጫወቱ።